«ኤ» አልኩት፣ «ኤ» ሰማኝ

ትዕግስት የለኝም። ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ ብዬ ነው። እናቴ «አንቺ እኮ በሰባት ወርሽ ነው የወጣሽው፣ እሱም ረዘመብኝ ብለሽ» ትለኛለች። ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው አምና፣ የዲፕሎማዬ ማኅተም ገና በደንብ ሳይደርቅ ነው። ከጠዋት እስከ አስር ሰዓት ተኩል ብቻ ነው የፈጀው። ግን ያን ቀን ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምጽፍላችሁ ከሌላ ቦታ ነበር፣ ምናልባትም ጭራሽ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር።

ያኔ የነበረኝን አመል ላሳያችሁ። ሁለት ዓመት አዲስ አበባ ፊዚክስ ተምሬ፣ በመምህርነት ተመርቄ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ድሬ ተመልሻለሁ። የሥራ ዕጣ ሲወጣ የደረሰኝ ጀልዴሳ ነው። ጀልዴሳን ለማታውቁ፣ የድሬ ገጠር ነው፤ ግመል፣ ፍየል፣ ማሽላ፣ አቧራ። እኔ ደግሞ ነጭ ጋዋን ለብሼ ላቦራቶሪ ውስጥ መቆም ነበር ያማረኝ። «ፊዚክስን ለፍየል ላስተምር ነው?» አልኩ። አዎ፣ ብያለሁ። አሁን ሳስታውሰው ያሳፍረኛል፣ ግን ብያለሁ። ሦስት ገጽ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ጤናዬን፣ እናቴን፣ የአየሩን ጠባይ ሁሉ ሰበብ አድርጌ። ሰኞ ላስገባው በፖስታ አሽጌ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ይዤው እዞር ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አዴ መርየም በራችንን አንኳኳች። አዴ መርየም የከዚራ ሰፈር ጎረቤታችን የጋሽ ዩሱፍ ሚስት ናት። ጋሽ ዩሱፍ ከአባቴ ጋር ባቡር ጥገና ቤት ሠላሳ ዓመት የሠራ፣ አሁን ጡረታ የወጣ፣ የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው። በእሱ ዕድሜ ቤዝ የሚጫወት ሰው በከተማው ውስጥ ሌላ አላውቅም።

«እንግሊዝኛ የምታነቢው አንቺ ነሽ አይደል?» አለች አዴ መርየም።

«ምን ተገኘ?»

«እቃ መጥቶልናል። ከጅቡቲ። ነይ ብቻ፣ እዚህ በር ላይ አይወራም።»

ሄድኩ። ጋሽ ዩሱፍ ግቢው ውስጥ ኒም ዛፏ ጥላ ሥር ቤዙን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ተቀምጧል። «ደህና አደሩ?» አልኩት። አዲስ አበባ ያስለመደኝ ነገር ነው።

አየኝና ወደ ሚስቱ ዞረ። «ልጅቷ ታማለች እንዴ? ‹አደሩ› አለችኝ እኮ! ወሪያ፣ እኔ ስንት ነኝ? አንድ ነኝ!»

ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም እንደሌለ ረስቼው ነበር። «እሺ፣ ደህና አደርክ?» ስለው «እንዲህ ነው እንጂ» አለ።

እቃው በሽቲ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ስትፈታው ከሲጋራ ፓኮ ትንሽ የሚበልጥ ጥቁር ሳጥን ወጣ። መሃሉ ላይ እንደ ቮልት ሜትር ያለች ቀስት አለችው፤ ከሥሩ የሚዞር ቁልፍ፣ በቁልፉ ዙሪያ የእንግሊዝኛ ፊደላት። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የጊታር መቃኛ ነው። መግለጫውን በአምስት ደቂቃ አነበብኩት። «ቀላል ነው» አልኩ። «ሽቦውን ቤዙ ላይ ትሰካለህ። ቁልፉን ወደ ፊደሉ ታዞርና ክሩን ትመታለህ። ቀስቷ ወደ ግራ ካዘነበለች ክሩ ላልቷል፤ ወደ ቀኝ ካዘነበለች ጠብቋል፤ መሃል ከቆመች ልክ ነው። አለቀ። ልሂድ?»

መልስ የለም። ጀርባውን ሰጥቶኝ የቤዙን ማንጠልጠያ እያስተካከለ ነው።

«ጋሽ ዩሱፍ! ልሂድ ወይ?»

አሁንም የለም። ዞሬ ፊቱ ቆምኩ። «አትሰማም እንዴ?»

ጋሽ ዩሱፍ ሚስቱን አየ። አዴ መርየም «ንገራት» አለችው። «ይቺ ልጅ ደርሳበታለች። አፏ ደግሞ አያርፍም፤ ምስጢር ነው ብለህ ብትነግራት ይሻላል።»

ነገረኝ። ሠላሳ ዓመት ብረት በብረት ላይ ሲመታ ጆሮው ሥር ነበር የኖረው። ከሁለት ዓመት ወዲህ መስማቱ እየሄደ ነው። «ቤዙን ስጫወት በደረቴ ይሰማኛል፣ በሆዴ ይሰማኛል» አለ። «ጣቴ የት እንደሚሄድ ያውቃል። ግን ክሩ ትንሽ ወርዶ እንደሆነ፣ ትንሽ ወጥቶ እንደሆነ አላውቀውም። ባለፉት ሁለት ልምምዶች ተበላሽቶብኛል። ጓድ ተስፋዬ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ዛሬ ቅዳሜ አስር ሰዓት አዳራሽ ና፤ እንደገና እንሰማሃለን። ቅኝትህ ካልተስተካከለ ለነገው ውድድር ቤዙን ለጌቱ እንሰጣለን።›»

ጓድ ተስፋዬ የኪነት ቡድኑ ኃላፊ ነው። ጌቱ ጊታር የሚጫወት ጎረምሳ ነው። ቤዙ የቀበሌው ንብረት ነው።

«እና ይሄን ሳጥን...»

«እህቴ ነች ከጅቡቲ ያመጣችልኝ። በጆሮዬ ካልሆነልኝ በዓይኔ እቃኛለሁ። ከጡረታ ወዲህ ከቤት የሚያስወጣኝ ይሄ ቤዝ ብቻ ነው።»

«አስወጪልኝ እንጂ!» አለች አዴ መርየም። «ቤት ከዋለማ ወጥ ጨው አነሰው፣ በርበሬ በዛበት እያለ እኔን ሲጠግን ሊውል ነው።»

ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል። በሩብ ሰዓት ያልቅ የለ እንዴ ብዬ ተቀመጥኩ።

እሱ መነጽሩን ለማድረግ፣ ቁልፉን ለማዞር፣ ቀስቷን ለማየት፣ ክሩን ለመምታት፣ ሁሉንም በየተራ ቀስ እያለ ነው። እጁ የቀጥቃጭ እጅ ነው፣ ቁልፏ ደግሞ የሽምብራ ፍሬ ታክላለች። ሁለት ደቂቃ ታገስኩ። ሦስት። «ስጠኝ!» ብዬ ሳጥኑን ነጠቅኩት። «እኔ አነብልሃለሁ፣ አንተ ዝም ብለህ አጥብቅ።»

ይህቺን ነገር ያዙልኝ። ሳጥኑን ነጠቅኩት።

በቀጭኑ ክር ጀመርን። «ጂ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ምን?»

«ጂ!»

«የትኛው ነው እሱ?»

«ይሄ፣ ቀጭኑ!» ብዬ በጣቴ ነካሁለት። አጠበቀ፣ ቀስቷ መሃል ቆመች። ቀጥሎ «ዲ!» አልኩ፤ አሁንም ጠየቀኝ፣ አሁንም በጣቴ አሳየሁት፤ ሆነ። ሁለቱ አለቁ። «አየህ?» አልኩት፣ ራሴን እንደ ሊቅ እያየሁ።

ቁልፉን ወደ ቀጣዩ አዞርኩ። «ኤ!»

አሁን አልጠየቀኝም። «ኤ፣ እሺ» አለ፤ ፊቱ በራ። እኔም ደስ አለኝ፤ በመጨረሻ ገባው ብዬ። ዓይኔን ከቀስቷ ላይ ሳልነቅል «ምታ» አልኩት። መታ። ቀስቷ ግራ ጥግ ላይ ተኝታለች። «በጣም ላልቷል፣ አጥብቅ!» አጠበቀ። ቀስቷ ትንሽ ተነቃነቀች። «አጥብቅ!»

«ጠበቀ እኮ።»

«ገና ነው! አጥብቅ!»

«ልጄ፣ ጣቴ ላይ ከብዷል። ልክ አይመስለኝም።»

«ጋሽ ዩሱፍ፣ ማሽን አይዋሽም! እያየሁት ነው እኮ! ገና ነው አልኩህ!»

ቤዙ ማጉያ ላይ አልተሰካም፤ ድምጹ ከዝንብ አይበልጥም። እሱ አይሰማም። እኔ ጆሮ አለኝ፣ ግን ዓይኔን ብቻ ነበር የማምነው። አንድ ዙር አዞረ። ግማሽ ዙር ጨመረ።

ጧ!

ክሩ ዘሎ የእጁን ጀርባ ገረፈው። ቀጭን ደም ወጣ። የተበጠሰው የመጨረሻው፣ ወፍራሙ ክር ነበር። በድሬ ገበያ ላይ የሱ ዓይነት ክር የለም። አዲስ አበባም ስንት ወር ተጠብቆ ነው።

ልጮህ አይገባኝም ነበር። ጮህኩ። «ምን ነካህ? እኔ ያልኩህ ‹ኤ› ነው!»

«‹ኤ›ን ነው ያጠበቅኩት!»

«ኤ ይሄ ነው!» አልኩ ሦስተኛውን ክር እያሳየሁ።

«ኤ ይሄ ነው!» አለ የተበጠሰውን እያሳየ።

«አይደለም!»

«ነው!»

ጋሽ ዩሱፍ ቤዙን ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ አስተኛው። «ተይው ልጄ» አለ። «ለጌቱ ይስጡት። ቀኔ አልፏል።» ተነስቶ ወደ ቤት ገባ።

ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ? ነጠላዬን አንስቼ ወደ በሩ ሄድኩ። በጣም አፈርኩ፣ እኔ ደግሞ ሳፍር እሮጣለሁ። አዴ መርየም በሩ ላይ ቆመች።

«የት?»

«ቤት።»

«ሰብሮ መሄድ ነው ኮሌጅ ያስተማሩሽ?» ዞር ብላ ወደ ቤት ጮኸች፤ «አንተስ! ስንት ዓመት ሙሉ ባቡር ጠግነህ ለአንዲት ሽቦ ትተኛለህ? ና ውጣ!» ወጣ። ሁለታችንንም እንደ ጥፋተኛ ልጆች አቆመችን። አዴ መርየም ፊደል አልቆጠረችም። ግን ጥያቄ ማቅረብ ትችላለች።

«አንቺ ኤ አልሽ።»

«አዎ።»

«አንተ ኤ ሰማህ።»

«አዎ።»

«ታዲያ ቃሉ አንድ ከሆነ ጣታችሁ ለምን ሁለት ቦታ ይጠቁማል?»

ከሰል አነሳሁና ሲሚንቶው ላይ የሳጥኑን ፊደል ጻፍኩ፤ የመጀመሪያውን የእንግሊዝ ፊደል። «ጋሽ ዩሱፍ፣ ይሄ ማነው?»

«አ» አለ፣ ምን ነካሽ በሚል ዓይን።

አምስተኛውን ፊደል ጻፍኩ። «ይሄስ?»

«ኧ» አለ፣ ከንፈሩን ሰብሰብ አድርጎ። «ኤ በይው፣ ያው ነው።»

ገባችሁ? ጋሽ ዩሱፍ የፈረንጅ ፊደል የተማረው ባቡር ላይ ከፈረንሳዮች ነው። እኔ የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው። እኔ «ኤ» የምለውን የመጀመሪያ ፊደል እሱ «አ» ይለዋል። እኔ «ኢ» የምለውን አምስተኛውን ደግሞ እሱ «ኤ» ይለዋል፣ እሱ ደግሞ የወፍራሙ ክር ስም ነው። ሦስተኛውን ክር አጥብቅ እያልኩት፣ አራተኛውን እስኪበጠስ አስጠበቅኩት።

አዴ መርየም ስናስረዳት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አንቺ በእንግሊዝ፣ እሱ በፈረንሳይ፣ ምስኪን ክር በድሬ ተበጠሰ!»

ጋሽ ዩሱፍ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። «ጂ» እና «ዲ» ስለው አልገባውም ነበርና ጠየቀ፣ ዳነ። «ኤ» ላይ ግን ሁለታችንም ገብቶናል። የበጠሰው መግባባታችን ነው።

«ይቅር በለኝ» አልኩት። «ጣትህ እየነገረኝ ነበር።»

«አብሽሪ» አለና ክሩን አንስቶ በብርሃን አየው። የተበጠሰው ከታች፣ መያዣ ቀለበቷ ጋ ነው። ላይ ማጥበቂያው ላይ ደግሞ ሦስት ዙር ተጠምጥሞ ትርፍ ነበረው። ጋሽ ዩሱፍ ፊቱ ተለወጠ። «መርየም፣ የመሣሪያ ሳጥኔን!»

ያን ሰው ሥራው ላይ ልታዩት ይገባ ነበር። የላዩን የነሐስ ጥምጥም በጉጠት ፈታ፣ ከውስጥ ያለችውን የብረት ሽቦ አወጣ፣ በቀለበቷ አሳልፎ በራሷ ላይ ጠመዘዛት፣ በመዶሻ በስሱ ቀጠቀጣት። «የባቡር ምልክት ሽቦ በረሃ መሃል ሲበጠስ እንዲህ ነበር የምናስረው» አለ። ቀስ ይላል ብዬ የነጠቅኩት እጅ እኮ ነው።

ከዚያ ፕላስተር ቆርጬ ሳጥኑ ላይ በፊደሎቹ አናት ለጠፍኩና «አንተ ክሮቹን ምን ትላቸዋለህ?» አልኩት። ከጠዋት ጀምሮ መጠየቅ የነበረብኝ ጥያቄ። «በፈረንጅ ፊደል የማውቀው ወፍራሙን ብቻ ነው። እኔ ከወፍራሙ ስትነሺ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ነው የምላቸው» አለ። በአማርኛ ፊደል ጻፍኩለት። ሳጥኑን እጁ ላይ አስቀመጥኩና እጄን ከጀርባዬ አቆላለፍኩ። መነጽሩን አደረገ። ክሩን መታ፣ ቀስቷን አየ፣ አጠበቀ፣ መታ፣ አየ። ወፍራሙ ክር ልኩ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው አቆመ።

«ምነው? ትንሽ ቀርቶታል፣ አጥብቀው!»

«የታሰረ ሽቦ ነው። እስኪለምድ ይረፍ» አለና ሳቀብኝ። «አሁን ማጥበቅ የለም። መጠበቅ ነው።»

ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ሁለት ሰዓት! የድሬን የቀትር ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ውሻም ጥላ ይዞ ይተኛል። አዴ መርየም ሻይ ስትቀዳልኝ ጎንበስ ስል ፖስታው ከኪሴ ወደቀ። ጋሽ ዩሱፍ አነሳው። ምንድነው አለኝ። ነገርኩት፣ መቼም ውሸት አልችልም። «ጀልዴሳ አልሄድም። እዛ ፊዚክስ ለማን ይገባል?»

ሻዩን ጠጣ። «አንድ ፈረንሳዊ ሙሴ አለቃ ነበረን» አለ በኋላ። «ሁልጊዜ ‹እነዚህ ሰዎች አይገባቸውም› ይል ነበር። ሀያ ዓመት ድሬ ኖሮ ያወቃት ቃል ‹ና› እና ‹ሂድ› ናት።» ፖስታውን መለሰልኝ። ምናለ በሰደበኝ አልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ቤዙን እኔ ተሸክሜ፣ ደረቁን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ አቋርጠን ወደ አዳራሹ ሄድን። በየአሥር እርምጃው የታሰረችውን ቀለበት አያለሁ። እሱ አላያትም።

ጓድ ተስፋዬ መድረኩ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጌቱ ጊታሩን ይዞ ጎኑ ቆሟል። ሰላምታ የለም። «ቃኝና አሰማን» አለ። ሙቀቱና መንገዱ ክሮቹን አላልቷቸዋል፤ እኔ እንኳ ሰማሁት። ጋሽ ዩሱፍ ሳጥኑን ከኪሱ አወጣ።

ጓድ ተስፋዬ ብድግ አለ። «ምንድነው ይሄ? ራዲዮ ነው? ከየት መጣ?»

ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው። ጅቡቲ ስንል ቀረጥ ይመጣል። እኔ ዘልዬ ገባሁ። «ድምጽ የሚለካበት የፊዚክስ መሣሪያ ነው፣ ጓድ። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ።» መምህር ነኝ ስል የመጀመሪያዬ ነበር። ኪሴ ውስጥ ያለው ፖስታ ደግሞ አይደለሁም ይላል።

«ቤዝ ተጫዋች ምን መሣሪያ ያስፈልገዋል? ጆሮ የለውም?»

ምስጢር ነው ብለውኛል። ጋሽ ዩሱፍ ግን የሰውየውን ከንፈር እያየ ነበር።

«ጆሮዬ ሄዷል ተስፋዬ» አለ። «ሳልነግርህ ቆየሁ፣ አፈርኩ። ዓይኔ ግን አለ። አሁን እየኝ።»

ጋሽ ዩሱፍ ሳጥኑን ሰካ፣ ማጉያውን አጠፋ። ሶል። ሬ። ላ። ማንም ምንም አይሰማም፤ አንድ ሽማግሌ ቀስት ሲያይ ብቻ ነው የሚታየው። ወፍራሙ ጋ ደረሰ። ቀስ አድርጎ አጠበቀ። የታሰረችው ሽቦ ሲጥ የምትል ድምጽ አሰማች። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ተው በቃ!» ብዬ መጮህ አማረኝ። አፌን በእጄ ያዝኩ።

ማጉያውን አበራና መታ።

ያ ድምጽ የአዳራሹን ቆርቆሮ ጣሪያ አንቀጠቀጠው። ጫማዬ ሥር ተሰማኝ። ጌቱ ሳያስበው ጊታሩን አነሳና ገባበት። ወዲያው ፊቱን አኮማተረ፤ የሱ ጊታር ነበር የተዛባው። ጋሽ ዩሱፍ አልሰማውም፣ ዓይኑን ጨፍኖ በደረቱ እየሰማ ቀጠለ። ሽቦዋ ያዘች።

ሲጨርስ ጓድ ተስፋዬ ሳጥኑን አንስቶ አገላበጠው። «ስንት ክር ይቃኛል ይሄ ነገር?» አለ።

«የጊታርም ይቃኛል» አልኩት።

«ጌቱ፣ ጊታርህን ስጠው።» ቀጠለና፣ «ነገ ሁለት ሰዓት ና፣ ጋሽ ዩሱፍ። ከሁላችን ቀድመህ። ሁሉንም የምትቃኘው አንተ ነህ።»

የማይሰማው ሰው የቡድኑ ቃኚ ሆነ። ጌቱ ጊታሩን ሲሰጠው «አቦ፣ እኔንማ ጆሮ እያለኝ አሳፈርከኝ» አለው።

ውድድሩን አሸነፉ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሁለተኛ ወጡ። ፖስታው ግን ሰኞ አልገባም። አዴ መርየም ከሰል ማቀጣጠያ አደረገችው፣ ራሴ ነኝ የሰጠኋት።

ይህን የምጽፍላችሁ ከጀልዴሳ ነው። አቧራው እንዳልኳችሁ ነው፣ ፍየሎቹም አሉ። ትዕግስት አሁንም የለኝም፤ አንድ ቀን ሰው አይለውጥም፣ ይለውጣል የሚላችሁ ካለ አትመኑት። ነገር ግን አንድ ልማድ ይዣለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ «ሥራ» ሳስተምር፣ ሸክም ይዞ ሳይንቀሳቀስ የቆመ ሰው በፊዚክስ ሥራ አልሠራም አልኩ። ክፍሉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ድሮ ቢሆን ገባቸው ብዬ እቀጥል ነበር። አሁን ሁሉም ራሱን ሲነቀንቅ የዚያ ክር «ጧ!» ትዝ ይለኛል። ስለዚህ ቆምኩና «ሐሊማ፣ ‹ሥራ› ስል አንቺ ምን ሰማሽ?» አልኳት።

ሐሊማ ተነሳች። «ቲቸር፣ እኔ ጠዋት ጠዋት ጄሪካን ተሸክሜ ወረፋ እቆማለሁ። ሥራ አልሠራሽም ልትይኝ ነው?»

እናንተም ሰው ላይ ጮኻችሁ «አጥብቅ!» ከማለታችሁ በፊት፣ በተለይ እሱም እናንተም ገብቷችሁ ከሆነ፣ ጣታችሁ የት እንደሚጠቁም ተያዩ። እኔ ጠመኔውን ለሐሊማ ሰጠኋት። ጄሪካኑን ሰሌዳው ላይ ሣለች፣ ከዚያ ትምህርቱን እንደገና ጀመርን።